ያቺ ጥለህልኝ የሄድካት ቦርድ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? «ሰነበትክ» ስልህ አፈርኩ። አራት ዓመት ምኑን መሰንበት ሆነ? የመጨረሻው መልእክትህ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ መልስ አልሰጠሁትም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ኋላ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በለኝ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል።

ዛሬ የምጽፍልህ በአርዱዊኖ ናኖህ፣ በዚያች ኮድ በሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ምክንያት ነው። መሳቢያ ሳጸዳ በአሮጌው ሚኒ ዩኤስቢ ገመድ እንደተጠመጠመች አገኘኋት። ልጅቷ አይታ «የበሶብላዬ አፈር ሲደርቅ መብራት የምታበራ እናድርጋት» ብላ ያዘችኝ።

ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ያለበት ላፕቶፕ ላይ ሰካናት። የቦርዷ መብራት በራ፣ ኮድ የሚላክበት ፖርት ግን የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ ምንም። የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) መልእክት ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ቦርዷ ተገናኘች ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ብሬልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም ነጥቆ ያላቅቃታል። ለካ ይህ ፕሮግራም ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ የሚያገለግል ነው። የቦርዷ የዩኤስቢ ቺፕ ሲኤች340 ነው፣ የምርት ቁጥሩ 7523። አንዳንድ የብሬል ማሳያም በዚሁ ቁጥር ስለሚመጣ ፕሮግራሙ የራሱ ዕቃ መስሎት ነው።

ፕሮግራሙን ጨርሶ ማጥፋት ቀላል ነበር። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ግቢ እያለን ማታ ማታ ሃንድአውት ታነብለት የነበረው የዶርም ልጅ ትዝ አለኝ። ይኼ ነገር ያኔ ቢኖረን ምን ነበረበት? ስለዚህ ስሙ በ85 የሚጀምረውን የዩዴቭ ሕግ ፋይል (የተሰካ ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውን) የራሴ ማስተካከያ ወደሚቀመጥበት ኢቲሲ ፎልደር ቀዳሁና 7523 የምትለዋን አንዲት መስመር ብቻ ዘጋኋት። ዋናውን ስላልነካሁት አፕዴት ቢመጣም አይመልስብኝም።

ፖርቱ መጣ። ኮዱን ብልክ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ፈቃድ የለህም! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ላፕቶፔ! ሊኑክስ ፖርቱን እንደ ፋይል ነው የሚያየው፤ ያን ፋይል ሳየው ባለቤቱ ሩት (ሁሉን ማዘዝ የሚችለው ተጠቃሚ)፣ ግሩፑ ዳያልአውት፣ ለሌላው ሰው ምንም። ዳያልአውት ማለት ኢንተርኔት በስልክ መስመር ይደወል ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው፤ ሞደም መንካት የተፈቀደለት ሰው ይገባበታል። ያ የሞደም ጩኸት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

መጀመሪያ በስንፍና ፋይሉን ለሁሉም ክፍት አደረግኩት። ሠራ። ልጅቷ ገመዱን ነቅላ ስትሰካው ፋይሉ እንደ አዲስ ተፈጠረ፣ ፈቃዱም ጠፋ። እሺ፣ ወግ ባለው መንገድ ግሩፑ ውስጥ ልግባ ብዬ ዩዘርሞድ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። «ኤ»ዋን ረሳኋት። ያቺ አንዲት ፊደል «ጨምር» ማለት መሆኗን የነገርከኝ አንተ ነህ። ከሌለች «ይኼን ብቻ ተው፣ ሌላውን አውጣ» ማለት ነው። ብትኖር ኖሮ ከኋላዬ ቆመህ «ኧረ ኤዋን!» ትል ነበር።

ወጥቼ ስገባ ዳያልአውት አለኝ፣ ሱዶ (እንደ አስተዳዳሪ የማዘዝ መብት) የለኝም። ላፕቶፑም ስምህ ከዝርዝሩ የለም፣ ድርጊትህ ሪፖርት ይደረጋል አለኝ። ለማን ነው የሚደረገው? አስተዳዳሪው እኔው! ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ሲበላሽ በሚጠገንበት ሪከቨሪ ሞድ ገብቼ፣ በሩት የትእዛዝ መጻፊያ (ሼል) ስሜን ወደ ሱዶ መለስኩ፣ ሌሎቹንም ግሩፖች አንድ በአንድ። በዚህኛው ኤዋን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው ኢንተር የመታሁት።

ያኔ ነው በጣም የናፈቅከኝ። ስልኬን አንስቼ ልደውልልህ አልኩና ምን ብዬ ልጀምር ብዬ ተውኩት። ደብዳቤው ይሻላል።

አንተስ እንዴት ነህ? እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እጃቸውን ሳምልኝ። ቦርዷን ግን አልመልስም፣ ባለቤት ተገኝቶላታል። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ደውል።

በቃ ልነሳ። የበሶብላው ቀይ መብራት በርቷል፣ ልጅቷ ደግሞ ተኝታለች።