እማዬ፣ ቡፌ ውስጥ እንዳትቆልፊው

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ግማሹ ሰዓት "ሄሎ፣ ይሰማል?" ስንባባል ስለሚያልቅ ይሄኛውን በጽሁፍ ላድርገው ብዬ ነው፣ ታናሼ ፕሪንት አድርጎ ያመጣልሻል፣ መነጽርሽን ፍለጋ ቤቱን እንዳታተራምሺ ፊደሉን ተለቅ አድርገው ብዬዋለሁ።

በሰው የላኩልሽ ካርቶን ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን አለ። አልገዛሁትም፣ ራሴ ነኝ የሰራሁት፣ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄን ስትሰሚ ምን እንደምታደርጊ ደግሞ ከአሁኑ አውቄዋለሁ፣ ሁለት ሶስቴ ትስሚውና ቀጥ ብለሽ ቡፌ ውስጥ ትቆልፊበታለሽ። ፔርሙዙ ቡፌ ውስጥ ነው፣ ብርጭቆዎቹ ቡፌ ውስጥ ናቸው፣ ብርድ ልብሱ እስከዛሬ ከነፕላስቲኩ ነው። "ለእንግዳ ነው" ትያለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ጫፉ የተሸረፈውን ሳህን ታቀርቢያለሽ። ይሄኛውን ግን እንደዛ ብታደርጊው እንጨት ስለሆነ ይከፋዋል፣ ቀልዴን አይደለም፣ እጅ ያልነካውና ዘይት ያላየ እንጨት ይደርቃል፣ ይገረጣል። እንዴት እንደተሰራ ብነግርሽ እንደማይሰበርብሽ ታምኚኛለሽ ብዬ ነው ነገሩን ከስሩ ልጀምርልሽ ያልኩት።

እንጨቱ አሽ ከሚባል ዛፍ ነው። እኛ አገር አይቼው አላውቅም፣ ግን ከወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። (በዚህ ምክንያት ልታጥኚበት እንዳታስቢ፣ ሳህኑንም እንዳታጥኚው፣ የወተት እቃ አይደለም።) እዚህ ሚኒሶታ የየሰፈሩ መንገድ ዳር አሽ ነበር፣ ከዛ ከእስያ በእቃ ተጭኖ መጣ የሚባል አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ በ2002 በፈረንጅ ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ፣ በ2009 እኛ ያለንበት ሴንት ፖል ደረሰ፣ በመላው አሜሪካ የገደለው ዛፍ በአስር ሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። የጥንዚዛው ትል ቅርፊቱን ስትልጪው ከስሩ እባብ የሄደበት የሚመስል መንገድ ሰርቶ ታገኚዋለሽ፣ ዛፉ ውሃና ምግብ የሚያመላልስበትን ቆርጦበት ነው የሚገድለው፣ ውስጡን ግን አይነካውም። ስለዚህ ከተማው እየቆረጠ የሚጥለው ግንድ ልቡ ጤነኛ ነው። ጎረቤቴ በሩ ላይ የነበረውን ሲያስቆርጥ አንድ ጉማጅ ስጠኝ አልኩት፣ ውሰጂ አለኝ፣ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፣ ይሄን ግን ለጎረቤት አታውሪው። ትሉ አገር ቤት ይመጣ ይሆን ብለሽም እንዳትሰጊ፣ የሚኖረው ቅርፊቱ ስር ነው፣ የላኩልሽ ላይ ቅርፊት የሚባል ነገር የለም፣ አጥንት እስኪመስል ደርቋል።

ሀሳቡ የመጣልኝ እዚሁ መሀል ከተማ ላንድማርክ ሴንተር የሚባል የ1902 ትልቅ የድንጋይ ህንፃ ገብቼ ነው። የድሮ ፍርድ ቤት ነው፣ እንጨት በቶርኖ የሚሰሩ ሰዎች ማህበር (በ1986 የተቋቋመ ነው፣ ጽህፈት ቤቱ እዚሁ ሴንት ፖል ነው) ያኔ እዛ ውስጥ ኤግዚቢሽን ነበረው። አንዳንዱ ሳህን ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ያምራል፣ አልዋሽሽም፣ ግን ቆሎ የማይደረግበት ሳህን ምን ያደርጋል? እኔ የአያቴን ገበቴ ነው ያስታወስኩት፣ ስንት ዓመት ሊጥ ተቦክቶበት፣ ታጥቦ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ዋንዛው ቡናማ ሆኖ ያበራ የነበረውን። ከዛ ተመዝግቤ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ስር መማር ጀመርኩ። "የወንድ ስራ ምን አስገባሽ" እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ሴት ነው።

ቶርኖ ታውቂያለሽ አይደል፣ እነዛ ብረት የሚያዞሩት ቤት ያለው ማሽን፣ ይሄኛው የእንጨት ነው እንጂ አንድ ነው። እንጨቱ ይዞራል፣ አንቺ መሮውን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ግንዱ መጀመሪያ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ መሀል ለመሀል ያለው እምብርቱ መውጣት አለበት፣ እምብርቱ ከቀረ ሳህኑ ሲደርቅ ከዛ ነው የሚሰነጠቀው። ከዛ በመጋዝ ክብ ይደረግና ይታሰራል። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ መሮው ሲነካው ውሃው ፊትሽ ላይ ይረጫል፣ ፍቅፋቂው እንደ ረጅም ሪባን እየተጠቀለለ ክንድሽ ላይ ይከመራል፣ የፊት መከላከያ አድርጌያለሁ አትፍሪ። መጀመሪያ ክቡ ስላልተስተካከለ ጧ ጧ ጧ ይላል፣ ክንድሽን ያርገፈግፈዋል፣ ከዛ ቀስ እያለ ድምፁ ይለሰልስና ሽሽሽ ማለት ይጀምራል፣ ያኔ ክብ ሆኗል ማለት ነው። ሽማግሌው ማሽኑን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚያስተምሩት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሌላ ሰው እያስተማሩ "መሮሽ ደንዟል፣ ሂጂ ሳዪው" ይሉኛል። ምስጢሩ ደግሞ ስለቱን ቀድሞ አለማስነካት ነው፣ መጀመሪያ የስለቱ ጀርባ እንጨቱ ላይ ያርፋል፣ ከዛ እጀታውን ቀና ስታደርጊው ስለቱ ራሱ ቀስ ብሎ ይገባል፣ መግፋት የለም፣ ጉልበትም አይፈልግም። ውጪው አልቆ ውስጡ ሲቦረቦር ሳህኑ ተገልብጦ ቻክ የሚሉት ባለ አራት ጥርስ መያዣ ላይ ይታሰራል።

እዚህ ጋ ያልቃል ብዬ ነበር የማስበው፣ ገና ግማሹ ነው። እርጥብ እንጨት ስለሆነ ግድግዳው ሆን ተብሎ ወፍራም ይተዋል፣ የሳህኑን ስፋት አንድ አስረኛ ያህል፣ 25 ሳንቲሜትር ከሆነ 2.5 ሳንቲሜትር። ከዛ ከራሱ ሰጋቱራ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ገብቶ ወራት ይቀመጣል፣ በአንዴ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ። በየጊዜው እያወጣሁ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ፣ ክብደቱን በእርሳስ እዛው እንጨቱ ላይ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የሚገርመው ክብ አድርገሽ ያስገባሽው እንቁላል ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እንጨት ሲደርቅ በእድሜ ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸበሸበው ወደ እምብርቱ አቅጣጫ ከሚሸበሸበው እጥፍ ስለሚጠጋ። ለዛ ነው ወፍራም የተተወው፣ እንደገና ቶርኖ ላይ ወጥቶ ሁለተኛ ክብ እንዲደረግ።

አሁን የምነግርሽን ሳትቆጪ ስሚኝ። እህቴ ነግራኛለች። "እንዳትነግሪያት" ብለሻት ነበር አሉ። ጣቶችሽ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ እንደሚሉ፣ ሳህን ከእጅሽ እየወደቀ እንደሚሰበር፣ ስብርባሪውን ማንም ሳያይ ጠርገሽ እንደምትጥዪ። እሷን አትቆጫት፣ እኔ ነኝ ነጥዬ የጠየቅኳት። እንግዲህ ሁለተኛው ዙር ላይ የሰራሁት ሁሉ ለዛ ነው። አፉን ስታይው ወደ ውጪ ትንሽ ታጥፏል፣ ጌጥ እንዳይመስልሽ፣ ጣትሽ ከስሩ ገብቶ እንዲይዝ ነው፣ ባትጨብጪውም ይነሳል። እግሩን ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ቢገፉትም አይደፋም። ሽማግሌው ግድግዳውን ትንሽ ብታሳሺው ይሻላል አሉኝ፣ እኔ ማሳሳት ጉራ ነው ብዬ እምቢ አልኩ፣ ወደ 9 ሚሊሜትር ነው የተውኩት፣ ቢወድቅ ድም ይላል እንጂ ምንም አይሆንም። ብርጭቆ ወረቀት ስመታው ውስጡን ከሻካራው 80 ቁጥር ጀምሬ እስከ ለስላሳው 320 ወሰድኩት፣ የእንጨቱ ክር ወደ ላይ የቆመበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ስለሚቀር እዛ ጋ ብዙ ነው ያደከመኝ፣ በጥፍርሽ ብትፈትሺው እንኳን አይነካሽም። ውጪውን ግን 220 ላይ አቆምኩ፣ በጣም ሲለሰልስ ያንሸራትታል። ቫርኒሽ ያልቀባሁትም ለዚሁ ነው፣ ቫርኒሽ የተቀባ ነገር በእርጥብ እጅ አይያዝም፣ ሲላጥ ደግሞ ምግብ ውስጥ ይገባል።

የቀባሁት የተልባ ዘይት ነው፣ የፆም ነው፣ አትጠይቂኝ። በሱቅ ለቀለም የሚሸጠው የተልባ ዘይት ኬሚካል ስላለበት እሱን አልነካሁም፣ የሚበላውን ነው። መጀመሪያ እንጨቱ በውሃ ይረጥብና ሲደርቅ የሚነሳው ጸጉር እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ይመታል፣ ከዛ ዘይቱ በስሱ ይቀባል፣ ትንሽ ቆይቶ የተረፈው ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይቀባል። የተልባ ዘይት እንደሌላው ዘይት እርጥብ ሆኖ አይቀርም፣ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ደግሞ ሙቀት ያወጣል፣ የቀባሽበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ እኔ ውጪ አጥር ላይ ዘርግቼ ነበር የማደርቀው፣ ጎረቤቶቼ የኢትዮጵያ ባንዲራ መስሏቸው ይሆናል። መጨረሻ ላይ ቶርኖው እየዞረ ሰም አስነካሁት፣ ጧፍ የሚሰራበት ያው የንብ ሰም፣ በፍትጊያው ሙቀት ራሱ ቀልጦ ይገባል። የጎጃም ሰም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይደረግ።

እንግዲህ ስትጠቀሚበት እንዲህ ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ሰላጣ፣ የፈለግሽውን አድርጊበት። የሚፈላ ወጥ አትገልብጪበት። በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው በጨርቅ ይደረቅ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደር፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ዘይት ሲጠማው፣ ነጣ ነጣ ሲል ታውቂዋለሽ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አለች፣ ከእሷ በጨርቅ አስነክተሽ ሳህኑን እሺው። የሚረጋውን ዘይት እንዳታስነኪው ደግሞ፣ ቅቤም ቢሆን፣ እነሱ አይደርቁም፣ እንጨቱ ውስጥ ገብተው ነው የሚሸቱት። ክረምት ሲገባ ትንሽ ቢጣመም አትደንግጪ፣ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ይነፋል፣ በጋ ላይ ይመለሳል።

ቢጫርም ደስ ይለኛል። ቢላ ቢነካው፣ በርበሬ ቢያቀላው፣ የልጅ ልጆችሽ እንደ ከበሮ ቢመቱት፣ ግድ የለም። ፎቶ ስትልኩልኝ ከቆሎ ጋር ይሁን፣ ከቡፌ መስታወት ጀርባ ያየሁት ቀን እደውልና እጨቀጭቅሻለሁ። ለሀኪሙም ጣቶችሽን አሳዪ፣ "እርጅና ነው" ብለሽ አትመለሺ፣ እህቴ ሰኞ ልትወስድሽ ተስማምተናል፣ አንቺን አላማከርንም፣ ይቅርታ።

ካርቶኑን ያመጣችው ልጅ ቡና ሳትጠጣ እንዳትለቂያት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክማው ነው የመጣችው። ካልሲዎቹ የታናሼ ናቸው፣ ጥቁሩ ሻርፕ ያንቺ ነው፣ መድሃኒቱ ላይ አወሳሰዱን በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ሻርፑንም ልበሺው፣ እሱንም አውቅሻለሁ።

ልጅሽ