የመርሳት በሽታ በማስታገሻ አይታከምም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አልዛይመር፣ ስለ መርሳት በሽታ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ጉድለቱ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ መጣ።

አንድ ወጣት ጽሑፋችሁን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። «አንጎል ውስጥ ያሉ በሽታ ተከላካይ ሴሎች ሲቆጡ ነርቭ ይገድላሉ ይላል። ለእናቴ የሁለት ወር ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን ስጪኝ» አለኝ። እናቱ 74 ዓመታቸው ነው። ቡናውን ቆልተው ይጨርሱና ብረት ምጣዱን መልሰው ይጥዳሉ። «ቡናው የታለ?» እያሉም ይቆጣሉ። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጨጓራም አለባቸው። አልሸጥኩለትም።

ሴሎቹ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ለይቶ ያሳወቃቸው ስፔናዊው ሪዮ ኦርቴጋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919። ገና በፅንስነታችን አንጎል ውስጥ ገብተው እዚያው ይኖራሉ። ቀጫጭን ክንዶቻቸውን ዘርግተው ዙሪያቸውን ሲዳስሱ ይውላሉ። የሞተ ሴልና የተጠራቀመ ፕሮቲን ይበላሉ። በልጅነት ደግሞ የማያስፈልጉ የነርቭ መገናኛዎችን ይከረክማሉ። ጣጣው ይህ መከርከም ያለጊዜው ሲቀሰቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የአይጦች ጥናት፣ በአልዛይመር ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ገና ተጋግሮ ሳይታይ ማይክሮግሊያዎች ጤነኛ መገናኛዎችን መብላት ጀምረው ተገኝተዋል።

እስከዚህ ድረስ የልጁ ሐሳብ ልክ ይመስላል። ከተቆጡ ማብረድ ነዋ! ግን ትሬም2 የሚባል ዘረመል አለ። ማይክሮግሊያ ቆሻሻውን አነፍንፎ እንዲከብበው የሚያደርገው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደታወቀው፣ በዚህ ዘረመል ላይ አንድ የተለየ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እነሱን የሚጎዳቸው የዘበኛው፣ የማይክሮግሊያው፣ መድከም ነው። የደከመን ዘበኛ በክኒን ማስተኛት ምን ይባላል?

ማስታገሻውም ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመዳቸው የመርሳት በሽታ የነበረበት፣ 70 ዓመት የሞላቸው ከ2,500 በላይ ሰዎች ናፕሮክሰን ወይም ሴሌኮክሲብ የተባለ ማስታገሻ፣ አለዚያም ባዶ ክኒን ሲወስዱ ነበር። ማስታገሻው ለልብ ያሰጋል ተብሎ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋረጠ። ከበሽታውም አላዳናቸውም። አይቡፕሮፌን የነዚሁ ዘመድ ነው። ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ልጁን ሐኪም ጋ ውሰዳቸው አልኩት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መድከም፣ ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ግፊታቸውን ተከታተል፣ ጆሯቸውም ይታይ። «ጃጅተው ነው» ብለህ አትተዋቸው።

እባካችሁ፣ ያንን ጽሑፍ ያወጣችሁበት ገጽ ላይ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስታገሻ አትጀምሩ» የሚል መስመር ጨምሩበት። ጽሑፉን ይዞ የመጣው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ