ይህ ‹‹እንኳን ደስ አለሽ›› የእናንተ ነው

ያመለከትኩበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውጤት የመጣ ሌሊት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ገጹን የከፈትኩት። ‹‹እንኳን ደስ አለሽ›› የሚለውን ካየሁ በኋላ የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። አምና በዚሁ ሰሞን አምስት ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አምስቱም ‹‹እናዝናለን›› የሚሉ ነበሩ። ዘንድሮም ያው ራሴ ነኝ። ሰው ግን አገኘሁ።

ጋሼ፣ አስቀድሜ እርስዎን ላመስግን። ሂሳብ ሊያስጠኑኝ እሺ ሲሉኝ ትምህርቱ የከበደኝ ልጅ አልነበርኩም። ስሳሳት ግን ትክክለኛውን መልስ አየት አድርጌ ‹‹በቃ ገባኝ›› ብዬ አልፋለሁ። እርስዎ አላሳልፍ አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር ሰጡኝና ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፈሉት። ጥያቄው፣ የመረጥኩት መልስ፣ ለምን እንደመረጥኩት። ለትክክለኛው መልስ ቦታ አልተዉለትም። ‹‹እሱን መጽሐፉም ይነግርሻል›› አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን አብረን ስናገላብጥ ደነገጥኩ። አብዛኛው ስህተቴ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ነበር የምመልሰው። ዲያሜትሩን ሲጠይቀኝ ራዲየሱን አግኝቼ ደስ ብሎኝ እቀጥላለሁ።

ኤስኤቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና ላይ ይህ ጠባይ ዋጋ ያስከፍላል። የሂሳቡ ፈተና በሁለት ሞጁል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን ያከብዳል ወይም ያቀላል። ቀላሉ የደረሰው ተማሪ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ከፍተኛው ነጥብ ላይ አይደርስም። ‹‹መጀመሪያው ላይ ተረጋጊ›› ያሉኝ ለዚህ ነበር።

ቤንጃሚን ብሉም የተባለ የትምህርት ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ለአንድ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶዎቹን ይበልጣል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱ ያን ያህል እንደማይሰፋ አሳይተዋል። እኔ ግን ከደብተሬ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። በሃምሳ ተማሪ ፊት የቆመ መምህር የእኔን ሦስተኛ ዓምድ የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

እህቴ፣ ያንቺን ውለታ ደግሞ ከየት ልጀምር? አምና ኤሴዬን፣ ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ስለ ራሴ የምጽፈውን ድርሰት፣ ገንዘብ ከፍዬ ነበር ያሳረምኩት። ሲመለስልኝ የእኔ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አልቀረበትም። ያማረ መስሎኝ ላክሁት። አንቺ አንዲት ቃል አልጻፍሽልኝም። ጠየቅሽኝ ብቻ። ስድስተኛውን ረቂቅ ሳሳይሽ የተፈቀደውን 650 ቃል ለመሙላት ዓለምን ስለመለወጥ ብዙ ብዬ ነበር። አንቺ አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ከተደበቀች አንዲት መስመር ስር በእርሳስ አሰመርሽ። የቆመ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ስገጥመው አንዲት ብሎን እንደተረፈችኝ፣ ሰዓቱ ግን እንደሠራ የምትናገር መስመር።

‹‹ብሎኗ ምን ትሠራ ነበር?›› አልሽኝ።

አላውቅም ነበር።

‹‹እንግዲያው እሱን ፈልጊና ጻፊ።››

ሰዓቱን እንደገና ፈታሁት። የላክሁት ኤሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለዚያች ብሎን ነው።

የዓመት ክፍያቸውን አይቼ የሰረዝኳቸውን ዩኒቨርሲቲዎችም አንቺ ነሽ መልሰሽ ያስገባሻቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከውጭ የሚያመለክትን ተማሪ እንኳ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ እንደሚመርጡ፣ ከተቀበሉትም ቤተሰቡ የማይችለውን እንደሚሸፍኑ ካንቺ ነው የሰማሁት። ይህን ባለማወቅ ብቻ ስንት ጎበዝ ልጅ ሳይሞክር ይቀራል! ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ስንሞላ እናቴ ወረቀቶቿን እያገላበጠች፣ አንቺ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሳትዘጊ ጠበቅሽን። እናቴ እስካሁን ስትመርቅሽ ነው የምታድረው።

የድጋፍ ደብዳቤ ለጻፉልኝ ሁለት መምህሮቼም፣ አምና ወድቄ ሳለ ደግመው ስለጻፉልኝ፣ ክብረት ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ‹‹ስንት ልክፈልዎ?›› ስልዎ ‹‹ሁለት ልጅ አስጠኚልኝ›› ነበር ያሉኝ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱም ይመጣሉ። ለየራሳቸው ደብተር ገዝቼ ገጹን ለሦስት ከፈልኩላቸው። አንደኛዋ ትንሽ አየችውና ‹‹ትክክለኛው መልስ የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?›› ብላ ጠየቀችኝ።