ስድስት ኪሎ ለገባችው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም ስድስት ኪሎ መግባትሽን ከሰማሁ ጀምሮ ብዙ ልነግርሽ ስፈልግ ነበር። በስልክ አይሆንልኝም፤ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እስካሁን አንቺ የምታውቂው ዩኒቨርሲቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተፈተንሽበትን ነው። ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ ዶርም፣ ፈተና፣ ከዚያ ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት። እዚያ እንግዳ ነበርሽ። አሁን ግን የቤቱ ልጅ ነሽና እንደ ቤቱ ልጅ ግቢ፣ ውጪ፣ ክፍሉን ሁሉ እወቂ። ከዚህ ሌላ ትልቅ ምክር የለኝም፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

በር ላይ መፈተሽ አይክፋሽ። የተማሪ መታወቂያሽ ከእጅሽ አይለይ። ላፕቶፕሽንም ገና በመጀመሪያው ቀን አስመዝግቢ፤ ሳይመዘገብ የገባ ዕቃ ሲወጣ ማከራከሩ አይቀርም። ጠባቂዎቹን ጠዋት ማታ ሰላም በያቸው፤ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀባቸው የሚቆሙት ለእናንተ ሲሉ ነው።

ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በፈተና ሰሞን ወንበር አይገኝበትም። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ ገና ጸጥ ባለበት ጊዜ ልመጂው። የትኛው መደርደሪያ የምን እንደሆነ፣ የትኛው ጥግ ብርሃን እንዳለው ቀድመሽ እወቂ። የጠፋሽን መጽሐፍ ሠራተኞቹን ጠይቂ፤ አንድ ተማሪ ግማሽ ቀን የሚፈልገውን እነርሱ ቶሎ ያገኙታል። ደብተር ጥለሽ ቦታ ይዘሽ ለሰዓታት ግን አትጥፊ። ወንበሩ ለሚያነብ ሰው ነው፤ ይህን ነገር እኔ እዚያ ስማርም አልወደውም ነበር፣ ዛሬም አልወደውም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ከዋናው በር ወደ ውስጥ ስትዘልቂ የምታገኚው ትልቁ ሕንፃ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል፤ ተማሪ ራስ መኮንን አዳራሽም ይለዋል። በዓመት በዓመት ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎች ከፊቱ ተሰልፈው ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ከእነርሱ መካከል አንድም ቀን ደረጃውን ወጥተው ውስጡን ሳያዩ የሚሄዱ አሉ። ይህ ያንገበግበኛል። ሰው ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍሎ የሚያየውን ቤት፣ በደጁ ለዓመታት የተመላለሰ ተማሪ እንዴት ሳያየው ይሄዳል?

እኔ እንደምታውቂው የማታ ተማሪ ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ እዚያ ስደርስ ይመሻል፤ ሙዚየሙ ተዘግቶ ሕንፃውን የማየው ከውጭ፣ በጨለማ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ተነስቼ ሄድኩ። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል እንዳለ ተቀምጧል። እዚያ ያለውን መስተዋት ቀርበሽ ተመልከቺው፤ የጥይት ቀዳዳ አለበት። በታኅሣሥ 1953 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተወው ነው። በዚያው ሕንፃ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል፣ እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ስዩም መንገሻ ከሌሎች ባለ ሥልጣናት ጋር የተረሸኑትም ያን ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ደም የፈሰሰበት ቤት መማሪያ ሆነ ማለት ነው። ያንን መስተዋት ካየሁ በኋላ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ለእኔ የቀንና የስም ዝርዝር መሆኑ ቀረ።

ሙዚየሙን ስታዪ አትቸኩዪ። የሕዝቦቻችን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተደርድሯል። በገናውና መሰንቆው፣ መስቀሉና ሥዕለ አድኅኖው ለየብቻ ጊዜ ይፈልጋሉ። ተቋሙ የብራና መጻሕፍትና የቆዩ ጽሑፎችም ስብስብ አለው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ታሪክ የሰጡ ሰው ነበሩ። የምርምር ጽሑፍ የምትሠሪበት ዓመት ሲደርስ ከበይነ መረብ በፊት እዚያ ሂጂ።

ከሕንፃው ውጭ ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሞ ታያለሽ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት አገዛዝ ለአንድ አንድ ዓመት የቆመ ነበር። ከነጻነት በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ ይህን ከብዙ ሐውልት አስበልጬ እወደዋለሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው እልቂት የጀመረውም ከዚያ ነው። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ያለውን የሰማዕታቱን ሐውልት በታክሲ መስኮት ብቻ አትለፊው። ወርደሽ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ እዪአቸው።

እናንተ ተማሪዎችም የዚያ ግቢ ታሪክ ውስጥ ናችሁ። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 በጥይት ሲገደል፣ በማግስቱ አስከሬኑን ከብበው ያለቀሱ ጓደኞቹም ስድስት ኪሎ ላይ ተተኮሰባቸው። በዚያ ሣር ላይ ስትቀመጪ ይህን ብታውቂ ደስ ይለኛል።

ከተማው መሐል መሆንሽንም ተጠቀሚበት። ከአራት ኪሎ ወደ ግቢሽ በእግርሽ ስትወጪ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛለሽ፤ ድንቅነሽ እዚያ ናት። ወደ ላይ ከቀጠልሽ ሽሮ ሜዳ ነው፤ እናትሽ የምትወደውን ጥለት ከዚያ ትመርጪላታለሽ። ሲመሽ ግን ብቻሽን አትንቀሳቀሺ።

ለጥምቀት እናትሽን ይዤ እመጣለሁ። እርሷ ግቢውን አይታው አታውቅም። መታወቂያችንን ይዘን በር ላይ እንጠብቅሻለን፤ የሙዚየሙን መግቢያ እኛ እንከፍላለን፣ አንቺ ታስጎበኚናለሽ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ቀድመሽ ገብተሽ እዪው፤ የሥራ ሰዓቱንም ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ሽሮውና በርበሬው ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ይላክልሻል። ገንዘብ ሲያንስሽ ሳትደብቂ ንገሪን።

እናትሽና ወንድሞችሽ እጅግ ናፍቀውሻል፤ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን