ማኅደር ነው እንጂ ቦርሳ አይደለም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኅትህ ከአንተ ዘንድ ተመልሳ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የአያትህ የብራና መዝሙረ ዳዊት ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ «ያ የቆዳ ቦርሳ» ያልከው ማኅደሩ የኮምፒውተር ሽቦ ማጎሪያ ሆኗል አለችኝ። ልጄ፣ ዳዊቱን ከማኅደሩ አትለየው።

ቦርሳን ከጣሊያን ወስደነዋል፤ ሻንጣም ከቱርክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ቃል ነው። ማኅደር ግን «ኀደረ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ሲሆን፣ ማደሪያ ማለት ነው፤ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» የምንባባለውም፣ አያትህ ለንግሥ ይሄዱባት የነበረች የማኅደረ ማርያም ስምም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛው ፋይል «የግል ማኅደር» ይባላል፤ መባሉ መልካም ነው፤ አንተ ግን ፋይሉን ብቻ አውቀህ ቆዳውን እንዳትረሳ እሰጋለሁ።

ብራና እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይጨማደዳል፤ አባቶች ማኅደሩን በማንገቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትም ከመሬቱ እርጥበትና ከአይጥ ለማራቅ ነው። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1837 በግብፅ የሶርያውያን ገዳም ያገኛቸው ያገራችን መነኮሳትም መጻሕፍታቸውን በማኅደር አድርገው በየኩላቡ ሰቅለው ነበር። በሰው አገር እንኳ ከማኅደራቸው አልለዩዋቸውም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አያትህ ጋቢያቸውን አውልቀው ማኅደሩ ላይ ጠመጠሙትና እርሳቸው በስብሰው ገቡ፤ ዳዊቱን አውጥተው ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ደረቅ መሆኑን ሳያረጋግጡም እሳት ዳር አልተቀመጡም። እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ሳያቸው፣ ከልጃቸው መጽሐፋቸውን ያስበልጣሉ ብዬ ቀናሁ። ይህንን አንድ ቀን ሳልነግራቸው፣ እርሳቸውም ሳይስቁብኝ ማለፋቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽቦህን ዛሬውኑ አውጣ። ቆዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ የወጥ ዘይት እንዳትቀባው። ላስቲክ ውስጥም አትክተተው፤ ያልበዋል። ከምድጃው ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ጠንካራ ሚስማር ምታና ስቀለው፤ ዳዊቱንም አንብበህ ስትጨርስ ወደ ማኅደሩ መልሰው። የላላውን ማንገቻ የምትሰፋበት ጠፍር በእኅትህ እጅ ልኬልሃለሁ። የቤት ኪራዩንስ ከፈልክ?

አባትህ