ሸክላው ከመታተሙ በፊት ካሴቱን ያቆየ ሰው አለ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አንድ የጋና ሃይላይፍ አልበም በሸክላ ዳግም መታተም በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ሆኜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ለረጅም ዓመታት ካሴት ስሸጥና ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝና ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ጽሑፉ ስለ ሽፋኑ ውበትና ስለ ሸክላው ዋጋ በሰፊው ካተተ በኋላ፣ ለኅትመቱ መነሻ የሆነው ቅጂ እስከ ዛሬ በማን እጅና በምን ሁኔታ እንደቆየ አንዲት መስመር እንኳ ሳይጽፍ ማለፉ ስለከነከነኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሣሁ።

ሃይላይፍ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። የጎልድ ኮስት፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ ሰዎች የማርሽ ባንድ የትንፋሽ መሣሪያዎችንና ጊታርን ከአገራቸው ምት ጋር ሲያዋሕዱ የተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹም በኢ.ቲ. ሜንሳህና በቴምፖስ ባንዱ አማካይነት ምዕራብ አፍሪካን ያዳረሰ ሙዚቃ ነው። የእኛም ዘመናዊ ሙዚቃ ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የወጣ በመሆኑ፣ የሃይላይፍ ትራምፔት ሲነፋ የዘመድ ድምፅ የሰማሁ ያህል ይሰማኛል። የደረሰባቸውም ነገር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1981 መጨረሻ በጋና የተደረገውን መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ የመጣው የሰዓት እላፊ የአክራን የምሽት ክበቦች እንዳዳከመ ሁሉ፣ የደርግ ሰዓት እላፊም ከዚያ ቀደም ብሎ የአዲስ አበባን ሌሊት ዘግቶት ነበር። አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ያቋቋሙት አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሸክላ ማሳተሙ ቀረና ሁሉም ወደ ካሴት ዞረ።

በዚሁ በካሴት በኩል የእኛን ታሪክ ከጋና ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቃ ሊያጠና ጋና ሄዶ የካሴት ፍቅር ያደረበት ሲሆን፣ ኋላ ወደ አገራችን ሲመጣ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሙዚቃ ቤት የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያን አንድ ካሴት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተቀረጸ፣ ኃይሉ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ብቻውን የተጫወተበት ሥራ ነው። ባለሙያውን አፈላልጎ ሲያገኘው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ሺምኮቪትዝም ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኃይሉና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ ያሳተሙት «ቼ በለው» በሸክላ ተመለሰ። አሳታሚው ትርፉን ከባለሙያው ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ የተናገረ መሆኑንም ላመሰግነው እወዳለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያንን የባሕር ዳር ባለ ሱቅ ነው። አቧራ የጠጣች ካሴት ቦታ ያዘችብኝ ብሎ ጥሏት ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይሆን ነበር?

ወደ እኛ ወደ ወሎ ስመጣ ነገሩ ይከብደኛል። ባቲና አምባሰል የተሰኙት ቅኝቶች በስም የእኛው ናቸው። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን የሠራበት ዘመን የካሴት ዘመን ስለነበር፣ የዚያን ጊዜው ድምፅ በአብዛኛው ያለው በሰው ቤት ካርቶን ውስጥ ነው። የደሴ አየር ደግሞ ለካሴት አይመችም። የጦሳ ተራራ ጉም ክረምቱን ሙሉ ቤት ድረስ ይገባል፤ እርጥበቱ ክሩን ያሻግተዋል።

አምና መስከረም ላይ አንዱን ካርቶን ስከፍት፣ በ1970ዎቹ ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንድ ሠርግ ላይ የተቀዳ የማሲንቆ ካሴት ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። አምስቱን ብሎኖች ፈትቼ ክሩን ወደ ሌላ ንጹሕ ቀፎ አዛወርኩት፤ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያልኩ ጠቀለልኩት፤ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረግሁ። ስከፍተው ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የሄዷን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ሳዞራት ግን የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ መጨረሻውም ላይ አንዲት ሴት «ድገመው፣ ድገመው!» ትላለች። በሽፋኑ ወረቀት ጀርባ የተጫዋቹና የሁለት ተቀባዮቹ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ያ ወረቀት ለእኔ ከክሩ አያንስም፤ ነገ ሥራው ቢታተም የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ተውሶኝ የሄደውን ካሴት ኢንተርኔት ላይ ያለ ምንም ስም ለጥፎት ስላየሁ ይህንን የምለው ደርሶብኝ ነው።

ጊዜውም ቢሆን ብዙ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ አሳታሚዎች የሚሰጠው ጥበቃ የ50 ዓመት ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ከተቀዱት ሥራዎች ብዙዎቹ ከዚያ ውስጥ አርባ ዓመት ያህሉን ጨርሰዋል። የዘፈኑትና የተጫወቱት ሰዎችም አርጅተዋል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የከተማችን የባህል ጽሕፈት ቤት አንድ ደረቅ ክፍልና ሁለት ደህና ቴፕ አዘጋጅተው ካሴት ያለውን ሰው ሁሉ እንዲጠሩ እጠይቃለሁ። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ፋይሉን አሳንሶ በስልክ መያዝ አይበቃም፤ ከሸክላ የሚደርሰው ሳይጨመቅ በሙሉ ጥራቱ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ የሽፋኑም ፎቶ ከነጽሑፉ አብሮ ይቀመጥ። ባለቤቱም ካሴቱን የሰጠበት ፊርማ ያለው ወረቀት ይያዝ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። ወደፊት ስለ ዳግም ኅትመት ስትጽፉ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የጊታሩን፣ የከበሮውንና የትራምፔቱን ተጫዋቾች ስም ከሽፋኑ ላይ ገልብጣችሁ አውጡልን። እኔ በበኩሌ ስልሳ የሚሆኑ ካሴቶች ከነሽፋናቸው ለይቼ በላስቲክ ጠቅልያለሁ፤ ክፍሉ ከክረምት በፊት ከተዘጋጀ የመጀመሪያውን ካርቶን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ