ፋሲል በ2012 ስንተኛ ወጣ?

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዶርም ውስጥ ያ የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ጓደኛህ ስለ ጎንደሩ ክለባችን ስለ ፋሲል ከነማ «ፋሲል በ2012 ስንተኛ ወጣ?» ብሎ እንዳፋጠጠህ ነግረኸኝ ነበር። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራን ስላለ በጽሑፍ ልመልስልህ። ስንተኛም አልወጣ። ማንም አልወጣም። የእግር ኳሱ ፕሪምየር ሊግ ተሰርዟል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። በቀናት ውስጥ ውድድሩ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ነው ሲሉን አምነን ነበር። ፋሲካም አለፈ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ተሰረዘ ተባለ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም። ያ ሁሉ ነጥብ ውሃ በላው። በ2011 በመጨረሻዋ ቀን ዋንጫው አምልጦን መቀሌ መግባቱ ገና አልወጣልንም ነበር እኮ!

እኔን ግን መሰረዙ አላናደደኝም። ሰው ትንፋሽ አጥሮት እየሞተ ስለ ነጥብ አይወራም። የቆጨኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ስታዲየም በር ላይ ቡና ሳፈላ ታስታውሳለህ። ጨዋታ ባለ ቀን ከአዘዞም ከማራኪም የሚመጣው ሰው ስኒ አያስለቀልቀኝም። ጨዋታው ሲጀመር እኔ ከአጥሩ ውጭ ነኝ፤ ግን ሁሉንም አውቃለሁ። አጥቂያችን ሙጂብ ቃሲም መረብ ከነካ ጩኸቱ ጀበናውን ሊደፋው ይደርሳል። እንግዳው ካገባ ጭጭ። የተሸነፈ ዕለት ሒሳቡን ረስቶ የሚሄድ አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ጨዋታ መጥቶ ይከፍላል። የመጋቢት 2012 ዱቤ ግን እስካሁን ያልተመለሰልኝ አለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ሊጉ ታኅሣሥ 2013 ሲመለስ ወደ እኛ አልተመለሰም። ቡድኖቹ አንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰነ ሳምንት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር አልነበረችበትም። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ቀርተው ነበርና 13 ቡድን ብቻ ነበር የተወዳደረው። ጨዋታውን በቀጥታ ያሳየን የነበረው ዲኤስቲቪ ነው።

ታዲያ ፋሲል ዋንጫ የበላው በዚሁ ዓመት ነው! በታሪኩ የመጀመሪያው፣ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ። ዋንጫውን ያነሱት አሁን አንተ ያለህበት ሐዋሳ ነው። እኛ ፒያሳ ቴሌቪዥን ቤት ታጭቀን አየን። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፣ እልል ብዬ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ግን በገዛ ሜዳችን አንድ ጨዋታ ሳናይ ሻምፒዮን ሆንን፤ ይኼ ነገር እስካሁን አይዋጥልኝም።

ጓደኛህ ቢከራከርህ አቡበከር ናስርን አንሣለት። በዚያው ዓመት ለቡና 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ለልጁ ቆቤን አነሣለሁ። ግን ዋንጫው የት ገባ? በለው።

ለበሽታው ተብሎ የመጣው አሠራር በሽታው ከሄደም በኋላ በዚያው ቀጠለ። የሜዳ ጥራት ነው፣ ወጪ ነው፣ ጸጥታ ነው ይላሉ። ጸጥታው እንኳ እውነት አለው፤ ከኮሮና በፊት በደጋፊ ጠብ ስንት ልጅ ተፈንክቷል። ሆኖም ሜዳ ይሠራል፣ ደጋፊም ይመከራል። ከተማ ያለ ቡድኑ እስከ መቼ ይቀመጣል?

አንተማ ዕድለኛ ነህ፣ አፄዎቹ ፋሲሎች እዚያው ድረስ ይመጡልሃል። ፈተና ከሌለህ ግባ። ካለህ ግን ወዮልህ! ዳቦ ቆሎና ሽሮ በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ፣ ሹፌሩ ይደውልልሃል። ለቡናውም ልጅ አካፍለው።

እናትህ